ከሙላት ጋር መጥቶ ከሽሽት ጋር የማይመለስ፦ ደቃቅ ደለል የጠረፍ ጭቃ ሜዳን እንዴት ይሠራል?

አንዲት ደቃቅ የሸክላ አፈር ቅንጣት ጸጥ ባለ ውኃ ውስጥ ብትለቀቅ አንድ ሜትር ወርዳ ወለል ለመንካት ሦስት ቀን ገደማ ይፈጅባታል። ባሕር እየሞላ በሚሸሽባቸው የጠረፍ ሜዳዎች ላይ ግን ውኃው የሚረጋው ሙላቱ አብቅቶ ሽሽቱ እስኪጀምር ባለው አጭር ጊዜ ብቻ ነው፤ ብዙውን ጊዜ አንድ ሰዓት እንኳ አይሞላም። ከዚያ ውኃው ወደ መጣበት ይፈስሳል። በዚህ ሒሳብ ብቻ ከሄድን ቅንጣቷ አንድ ሴንቲ ሜትር ያህል እንደወረደች ተጠርጋ መመለስ አለባት፤ በእነዚህ ሜዳዎች ላይም ጭቃ ሊኖር አይገባም። ጭቃው ግን አለ፤ አንዳንድ ቦታ በሺህ ዓመታት ተጠራቅሞ ብዙ ሜትር ውፍረት አለው።

ሒሳቡን የሚያፋልሱት ነገሮች ከአንድ በላይ ናቸው። ሁሉንም የሚያገናኛቸው ግን ጭቃው ወደ ሜዳው የሚገባበትና ከሜዳው የሚወጣበት መንገድ እኩል አለመሆኑ ነው። መግባት ይቀልለዋል፣ መውጣት ይከብደዋል። ይህ ልዩነት ትንሽ ቢሆንም በቀን ሁለት ጊዜ፣ በዓመት ሰባት መቶ ጊዜ ያህል ይደጋገማል።

የጭቃ ሜዳ ሲባል ምን ማለት ነው?

በጨረቃና በፀሐይ ስበት የተነሳ የባሕር ውኃ ከፍና ዝቅ ይላል። በአብዛኞቹ ጠረፎች ከአንዱ ከፍታ እስከ ቀጣዩ ከፍታ 12 ሰዓት ከ25 ደቂቃ ገደማ ይወስዳል። ውኃው ወደ የብስ የሚገሰግስበትን ጊዜ ሙላት፣ ወደ ኋላ የሚያፈገፍግበትን ሽሽት፣ በሁለቱ መካከል አቅጣጫ ለመለወጥ የሚቆምበትን አጭር ጊዜ ደግሞ እርጋታ እንበለው። እርጋታ ሁለት ዓይነት ነው፦ አንዱ ውኃው ሜዳውን ሸፍኖ ሳለ፣ ሌላው ውኃው ሜዳውን ወደሚሰነጥቁት ጥልቅ ቦዮች ወርዶ ሳለ። የሁለቱ ልዩነት ኋላ ላይ ይጠቅመናል።

በሙላት ጊዜ ውኃ የሚውጠው፣ በሽሽት ጊዜ ለአየር የሚጋለጠው ለጥ ያለ መሬት የጠረፍ ሜዳ ነው። የሚፈጠረው መሬቱ በዝግታ በሚያዘቀዝቅበት፣ ከውቅያኖስ ኃይለኛ ሞገድ በተከለለና ደለል በሚደርስበት ቦታ ነው። የሙላቱ ቁመት ከቦታ ቦታ እጅግ ይለያያል፤ አንዳንድ ባሕር ላይ ከጥቂት ሴንቲ ሜትር አያልፍም፣ በካናዳ የፈንዲ ባሕረ ሰላጤ ግን እስከ 16 ሜትር ይደርሳል። በኔዘርላንድ፣ በጀርመንና በዴንማርክ ጠረፍ የተዘረጋው የዋደን ባሕር ደግሞ በዓለም ትልቁ ያልተቆራረጠ የአሸዋና የጭቃ ሜዳ ነው። ስለ ደለል ጉዞ ዛሬ የምናውቀው ብዙው ነገር መጀመሪያ የተጠናው እዚያ ነው።

«ደቃቅ» የሚባለው ምን ያህል ሲያንስ ነው?

ባለሙያዎች ድንበሩን 0.063 ሚሊ ሜትር ላይ አስምረውታል። ከዚያ የሚበልጠው አሸዋ ነው፤ ከዚያ የሚያንሰው ደቃቅ ደለል ሲሆን፣ ከሁሉ የሚያንሰው፣ 0.002 ሚሊ ሜትርና ከዚያ በታች ያለው፣ ሸክላ ነው። ጭቃ የምንለው የእነዚህ ደቃቅ ቅንጣቶች፣ የውኃና የበሰበሰ ሕይወታዊ ቅሪት ድብልቅ ነው።

መጠን ይህን ያህል ወሳኝ የሆነበት ምክንያት አለ። እንግሊዝ አገር ይሠራ የነበረው የፊዚክስና የሒሳብ ሊቅ ጆርጅ ገብርኤል ስቶክስ እ.ኤ.አ. በ1851 ባሳተመው ሥራ እንዳሳየው፣ ትንንሽ ቅንጣቶች ውኃ ውስጥ የሚወርዱበት ፍጥነት በስፋታቸው ካሬ ይወሰናል። ስፋቷ በግማሽ ያነሰ ቅንጣት ፍጥነቷ በአራት እጥፍ ያንሳል። በአሸዋ ድንበር ላይ ያለችው ቅንጣት አንድ ሜትር ለመውረድ አምስት ደቂቃ አይሞላባትም፤ የሸክላዋ ቅንጣት ግን ከላይ እንዳልነው ቀናት ያስፈልጓታል። ስለዚህ አሸዋ ውኃው ፍጥነቱን እንደቀነሰ ወዲያው ይወርዳል። ሸክላ ግን ውኃው በሄደበት ሁሉ አብሮ ይዞራል።

ታዲያ ሸክላው እንዴት ይወርዳል?

ብቻውን አይወርድም፤ ተያይዞ ነው የሚወርደው። የሸክላ ቅንጣት እንደ ሌላው አፈር ድቡልቡል አይደለችም፤ ስስና ጠፍጣፋ ናት፣ በገጿም ላይ ኔጌቲቭ የኤሌክትሪክ ቻርጅ አለ። በወንዝ ውኃ ውስጥ ሁሉም ተመሳሳይ ቻርጅ ስላላቸው እርስ በርስ ይገፋፋሉ፤ ቢቀራረቡም አይነካኩም። ወንዙ ባሕር ሲገባ ነገሩ ይለወጣል። ጨው ውኃ ውስጥ ሲሟሟ የሚለቀቁት ፖዚቲቭ ቻርጅ ያላቸው ሶዲየም፣ ማግኒዥየምና ካልሲየም በቅንጣቶቹ ዙሪያ ይሰበሰቡና መገፋፋቱን ያዳክሙታል። ከዚህ በኋላ የተጋጩ ቅንጣቶች ተጣብቀው ይቀራሉ። ለዚህ የባሕር ውኃ ሙሉ ጨዋማነት፣ ማለትም በሊትር 35 ግራም ያህል፣ አያስፈልግም፤ በሊትር ጥቂት ግራም ይበቃል። ለዚህ ነው ወንዝና ባሕር የሚገናኙበት ቦታ በጭቃ የሚታወቀው።

ጨው ብቻውን ግን ሁሉንም አይሠራም። ባክቴሪያዎችና ደቂቅ አልጌዎች የሚያመነጩት የሚያጣብቅ ፈሳሽ ቅንጣቶቹን ይበልጥ ያስተሳስራቸዋል። በዚህ መንገድ የሚፈጠረው ስብስብ በሺዎች የሚቆጠሩ ቅንጣቶችን ሊይዝ፣ ስፋቱም ከአንድ ሚሊ ሜትር ክፍልፋይ እስከ አንድ ሚሊ ሜትርና ከዚያ በላይ ሊደርስ ይችላል። አብዛኛው አካሉ ውኃ ስለሆነ ከውኃው የሚከብደው በጥቂቱ ነው፤ ሆኖም በትልቅነቱ ምክንያት በሰከንድ አንድ ሚሊ ሜትር ያህል ሊወርድ ይችላል። በዚህ ፍጥነት አንድ ሜትር ለመውረድ 17 ደቂቃ ይበቃዋል። የሦስት ቀን መንገድ ከአንድ እርጋታ ውስጥ ገባ ማለት ነው።

ስብስቦቹ እጅግ በቀላሉ ይፈርሳሉ። ውኃው ሲናወጥ ይበታተናሉ፣ በጠርሙስ ተቀድተው ወደ ቤተ ሙከራ ሲወሰዱ እንኳ መልካቸው ይለወጣል። ስለዚህ ተመራማሪዎች ካሜራ ወደ ውኃው አውርደው ስብስቦቹ ሲወርዱ ባሉበት ይቀርጿቸዋል። ውኃው በመጠኑ ሲንቀሳቀስ ቅንጣቶቹ ይጋጫሉና ስብስቡ ያድጋል፤ እንቅስቃሴው ሲበረታ ይፈርሳል። አንድ ቀን ሙሉ በዚህ መሥራትና መፍረስ መካከል ይመላለሳሉ።

ውኃው ሲመለስ ጭቃውን ለምን ይዞት አይሄድም?

በእኔ እይታ ከጉዳዩ ሁሉ የሚያስደንቀው ክፍል ይህ ነው፤ መልሱን ያገኙትም እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ የዋደንን ባሕር ያጠኑ የኔዘርላንድ ሳይንቲስቶች ሄንድሪክ ፖስትማ፣ ቫን ስትራተንና ፊሊፕ ኩነን ናቸው። ግራ ያጋባቸው ነገር ይህ ነበር፦ በዋደን ባሕር ውስጥ ያለው ውኃ ከውጭው የሰሜን ባሕር ይልቅ እጅግ የደፈረሰ ነው። በሙላት የሚገባውና በሽሽት የሚወጣው ውኃ እኩል ከሆነ ደለሉ ወደ ውስጥ የሚጠራቀመው በምን ምክንያት ነው?

መልሱ መዘግየት ነው። ተራ በተራ ተሰልፈው ወደ አንድ አቅጣጫ የሚጓዙ አውቶቡሶችን እናስብ፤ ከፊት ያለው ሩቅ ይደርሳል፣ ከኋላ ያለው ቀደም ብሎ ይቆማል። ከዚያ ሁሉም ባሉበት ዞረው ይመለሳሉ። ሁለተኛው አውቶቡስ ላይ ያለ ተሳፋሪ አውቶቡሱ ፍጥነት ሲቀንስ «ወራጅ» ይላል፤ በሩ እስኪከፈት ግን ትንሽ ስለሚቆይ ካሰበው ቦታ አልፎ ይወርዳል። በመልሱ ጉዞ የራሱ አውቶቡስ ሳያሳፍረው ያልፈዋል። የሚያሳፍረው ከበስተጀርባ የሚመጣው፣ ቀድሞ ራቅ ብሎ ደርሶ የነበረው የመጀመሪያው አውቶቡስ ነው። ያ አውቶቡስ ደግሞ ጉዞውን የሚያበቃው ሁለተኛው ከሚያበቃበት ቀደም ብሎ ነው። ተሳፋሪው ወደ ተነሳበት አልተመለሰም ማለት ነው።

ተሳፋሪው የደለል ስብስብ፣ አውቶቡሶቹ ተከታትለው የሚፈስሱ የውኃ ክፍሎች ናቸው። ሙላቱ ወደ የብስ በቀረበ ቁጥር ይዳከማል። ፍጥነቱ ደለሉን መሸከም ከማይችልበት ደረጃ ሲደርስ ስብስቡ መውረድ ይጀምራል፤ ወለሉ ላይ እስኪደርስ ግን ውኃው ትንሽ ወደፊት ይገፋዋል። ሽሽቱ ሲጀምር ያመጣው ውኃ በላዩ የሚያልፈው ገና ፍጥነት ሳያገኝ ነው፤ ስለዚህ አያነሳውም። የሚያነሳው ወደ የብስ ይበልጥ ቀርቦ የነበረ ውኃ ነው፣ እሱም ደለሉን መጀመሪያ ከተነሳበት አያደርሰውም። በእያንዳንዱ ሙላትና ሽሽት ደለሉ አንድ እርምጃ ወደ ውስጥ ይጠጋል።

በዚህ ላይ ሌላ መዘግየት ይደረባል። ያረፈን ጭቃ ለማንሳት የሚያስፈልገው ፍጥነት፣ ተንሳፋፊውን እንዲያርፍ ከሚፈቅደው ፍጥነት ይበልጣል። ሽሽቱ ያንን ፍጥነት እስኪያገኝ ጊዜ ያልፋል፤ አንዳንዴም ጨርሶ ሳያገኘው ሜዳው ይጋለጣል።

ሁለቱ እርጋታዎች እኩል አለመሆናቸውም ይረዳል። ውኃው ሜዳውን ሸፍኖ ሲረጋ ጥልቀቱ አንድ ሜትር ያህል ሊሆን ይችላል፤ በሰከንድ አንድ ሚሊ ሜትር የሚወርደው ስብስብ በ17 ደቂቃ ያርፋል። ውኃው ወደ ቦዮቹ ወርዶ ሲረጋ ግን ጥልቀቱ 10 ሜትር ቢሆን ያው ስብስብ ወለል ለመድረስ ሦስት ሰዓት የሚጠጋ ጊዜ ይፈልጋል፤ ከዚያ በፊት አዲሱ ሙላት ይዞት ይነሳል። ሜዳው ላይ ማረፍ ይቻላል፣ ቦዩ ውስጥ ግን ጊዜ አይበቃም።

የባሕሩ ቅርጽ ራሱም ሚዛኑን ወደ አንድ ወገን ሊያዘነብለው ይችላል። ጥልቀት በሌለው ውኃ ውስጥ የሙላቱ ከፍተኛ ክፍል ከዝቅተኛው ክፍል ፈጥኖ ይጓዛል። በዚህ ምክንያት በብዙ ቦታዎች ሙላቱ አጭርና ብርቱ፣ ሽሽቱ ረጅምና ደካማ ይሆናል። ተቃራኒው የሚታይባቸው ቦታዎችም አሉ፤ እዚያ ደለል ወደ ውጭ ይወጣል።

የዚህ ሁሉ ውጤት በእግር ሲኬድ ይታወቃል። ከየብስ ተነስቶ ወደ ባሕሩ የሚራመድ ሰው መጀመሪያ እግር የሚውጥ ለስላሳ ጭቃ ያገኛል፤ ወደ ቦዮቹ ሲጠጋ መሬቱ አሸዋ እየሆነ ይጠነክራል። ውኃው ጉልበቱን እያጣ ሲሄድ ከባዱን ቀድሞ፣ ቀላሉን መጨረሻ ላይ ስለሚያስቀምጥ ነው።

አንዴ ካረፈ በኋላ ምን ይይዘዋል?

አሸዋ የሚያዘው በክብደቱ ብቻ ነው፤ እያንዳንዷ ቅንጣት ለራሷ ናት። የሸክላ ቅንጣቶች ግን ይያያዛሉ። ስዊድናዊው ፊሊፕ ዩልስትሮም እ.ኤ.አ. በ1935 ባወጣው ታዋቂ ሥዕላዊ ሰንጠረዥ ላይ ብዙዎችን የሚያስገርመው ነጥብ ይህ ነው፦ ተያይዞ የጠነከረን ሸክላ ከወለል ለማንሳት ደቃቅ አሸዋን ከማንሳት የበለጠ ፍጥነት ያስፈልጋል። ትንሹ ከትልቁ ይልቅ ያስቸግራል።

ይህ ጥንካሬ ግን በአንድ ጊዜ አይመጣም። አሁን ያረፈ ጭቃ አብዛኛው ውኃ ነው፤ ቀላል ፍሰት እንኳ ያነሳዋል። ሰዓታት ሲያልፉ የራሱ ክብደት ውኃውን ከውስጡ ጨምቆ ያወጣዋል። ሜዳው ተጋልጦ ፀሐይና ነፋስ ሲያገኙት ይበልጥ ይጠነክራል። ጨረቃ ግማሽ በሆነችባቸው ቀናት ሙላቱ ዝቅተኛ ስለሚሆን የሜዳው ላይኛው ክፍል ለተከታታይ ቀናት ውኃ ሳይነካው ሊቆይ ይችላል፤ በዚያ ጊዜ ውስጥ የደረቀው ጭቃ ቀጣዩን ብርቱ ሙላት ይቋቋማል።

ሕይወት ያላቸው ነገሮች ምን ድርሻ አላቸው?

የጭቃ ሜዳ ሲታይ ባዶ ይመስላል። ጠጋ ብሎ ለሚያይ ግን በሽሽት ጊዜ ገጹ ላይ ወርቃማ ቡናማ ቀለም ያለው ስስ ሽፋን ይታያል። ዳያቶም የሚባሉ ባለ አንድ ሕዋስ አልጌዎች ናቸው። ሜዳው ሲጋለጥ ለብርሃን ወደ ላይ ይወጣሉ፣ ውኃው ከመመለሱ በፊት ወደ ጭቃው ይሰርጋሉ። ሲንቀሳቀሱ የሚተዉት ስኳር መሰል አጣባቂ ፈሳሽ የጭቃውን ገጽ ያስተሳስረዋል፤ እንዲህ የተሸፈነ ጭቃ ካልተሸፈነው ይልቅ ፍሰትን በብዙ እጥፍ ሊቋቋም ይችላል። ሙሰልና ኦይስተርን የመሳሰሉ ባለ ጥንድ ዛጎል እንስሳት ደግሞ ውኃውን አጣርተው ደለሉን በጠጣር እዳሪ መልክ ይጥሉታል፤ ያም ከልም ቅንጣት ይልቅ ፈጥኖ ይወርዳል።

የሚያፈርሱም አሉ። ጭቃውን የሚቆፍሩ ትሎችና ዳያቶሙን የሚግጡ ትንንሽ እንስሳት ገጹን ያላሉታል። በፈንዲ ባሕረ ሰላጤ የታየው ትስስር ልዩ ነው። እዚያ ጭቃው ውስጥ ኮሮፊየም የሚባል፣ ከአንድ ሴንቲ ሜትር የማይበልጥ ሽሪምፕ መሰል እንስሳ በብዛት ይኖራል፣ ዳያቶሞችንም ይበላል። በበጋቸው አጋማሽ ከአርክቲክ አካባቢ ወደ ደቡብ አሜሪካ የሚጓዙ ትንንሽ ወፎች በመቶ ሺዎች ይሰፍሩና ኮሮፊየሙን ይለቅሙታል። ጋጩ ሲቀንስ ዳያቶሙ ይበዛል፣ ዳያቶሙ ሲበዛ ጭቃው ይጠነክራል። የወፎች መምጣት የመሬቱን ጥንካሬ እስከ መለወጥ ደረሰ።

ታዲያ ጭቃውን የሚያነሳው ምንድን ነው?

በዋናነት ሞገድ። ጥልቀት በሌለው ውኃ ላይ ነፋስ የሚያነሳው አነስተኛ ሞገድ እንኳ እንቅስቃሴው እስከ ወለሉ ይደርሳል፤ ወደ ፊትና ወደ ኋላ የሚደረገው ፈጣን ምልልስ ጭቃውን ያላላና ይነቅለዋል። ሙላትና ሽሽት በወራት ያጠራቀሙትን አንድ ማዕበል በሰዓታት ሊያጥበው ይችላል። አራት ወቅት ባላቸው አገሮች ብዙ ሜዳዎች በሞቃታማው ወቅት ያድጋሉ፤ ነፋሱ የተረጋጋ፣ ዳያቶሙም የበዛ ነውና። በቀዝቃዛው ወቅት ይታጠባሉ።

አንድ ጭቃ አዲስ ይሁን አሮጌ ለማወቅም መንገድ አለ። ቤሪሊየም 7 የሚባል ንጥረ ነገር በከባቢ አየር ውስጥ ተፈጥሮ በዝናብ ይወርዳል፣ ከደቃቅ ቅንጣቶችም ጋር ይጣበቃል። በየ53 ቀኑ በግማሽ ስለሚቀንስ ጭቃ ውስጥ ከተገኘ ያ ጭቃ ባለፉት ጥቂት ወራት የመጣ ነው።

ይህ ሚዛን ሲነካ ምን ይሆናል?

የሳተላይት ምስሎችን መርምሮ እ.ኤ.አ. በ2019 የታተመ ጥናት በዓለም ላይ ቢያንስ 127,921 ካሬ ኪሎ ሜትር የጠረፍ ሜዳ መኖሩን አሳይቷል፤ ጭቃው፣ አሸዋውና ለጥ ያለው ዐለት ተደምሮ። በቂ ምስል በተገኘባቸው ቦታዎች እ.ኤ.አ. ከ1984 እስከ 2016 ባሉት ዓመታት ውስጥ 16 በመቶው ጠፍቷል። ሜዳዎቹ ሞገድን ስለሚያደክሙ ከኋላቸው ላለው ጠረፍ መከላከያ ናቸው፤ ለዓሣ መራቢያ፣ አህጉር ለሚያቋርጡ ወፎችም መመገቢያ ናቸው። ጥፋቱ የሚያሳዝነኝ ብዙ ጊዜ የሚደርሰው መሬቱ «ባዶ» ተብሎ በመቆጠሩ ነው።

በደቡብ ኮሪያ የሴማንገም ግድብ፣ 33.9 ኪሎ ሜትር ርዝመት ያለው፣ እ.ኤ.አ. በ2006 ተዘግቶ በ2010 ሲጠናቀቅ ወደ 400 ካሬ ኪሎ ሜትር የሚጠጋ ሜዳና ጥልቀት የሌለው ባሕር ከሙላቱ ቆርጧል። ሙላት የማይደርስበት ጭቃ ይደርቃል፣ በውስጡ ያለውም ይሞታል።

ሁለተኛው ጉዳት ከሩቅ የሚመጣ ነው። የቻይናው ቢጫ ወንዝ ቀድሞ በዓመት 1.6 ቢሊዮን ቶን ያህል ደለል ይሸከም ነበር፤ ግድቦች ስለያዙትና በላይኛው ተፋሰስ የአፈር ጥበቃ ስለተሠራ ዛሬ ባሕር የሚደርሰው የዚያ ጥቂት እጅ ነው። የአፈር ጥበቃው ለገበሬው መልካም ነው፤ ጠረፉ ላይ ግን የሚታጠበውን የሚተካ ደለል አነሰ።

ደለል ሲበዛም ችግር አለ። በጀርመንና በኔዘርላንድ ድንበር ወደ ዋደን ባሕር የሚገባው የኤምስ ወንዝ ለትልልቅ መርከቦች መተላለፊያ እንዲሆን ተቆፍሮ ጥልቀቱ ሲጨምር ሙላቱ ይበልጥ በርትቶ ደለልን ወደ ወንዙ መጋፋት ጀመረ። ወለሉ ላይ ወፍራም ፈሳሽ ጭቃ ተኛ፤ በሞቃታማው ወቅት በውኃው ውስጥ ያለው ኦክሲጅን ዓሣ እስከማያኖር ድረስ ይወርዳል። ወደ ውስጥ የሚያስገባው ያው አሠራር ነው፤ መጠኑ ብቻ ተለወጠ።

የባሕር ከፍታ በዓለም ደረጃ በአሁኑ ጊዜ በዓመት 4 ሚሊ ሜትር ያህል እየጨመረ ነው። ደለል በበቂ መጠን የሚደርሰው ሜዳ አብሮ ከፍ ማለት ይችላል፤ የማይደርሰው ይሰጥማል። ስለዚህ አንዳንዶች አሠራሩን ራሱን መጠቀም ጀምረዋል። የዋደን ጠረፍ ገበሬዎች ለዘመናት ሜዳው ላይ እንጨት ተክለው በመካከሉ ጭራሮ እየጠቀጠቁ ውኃውን ያረጋጉ ነበር፤ የረጋው ውኃ ጭቃውን ይጥልላቸዋል። እ.ኤ.አ. በ2016 ደግሞ ከኔዘርላንዱ የሃርሊንገን ወደብ የሚቆፈረውን ጭቃ እንደ ቆሻሻ ከመጣል ይልቅ፣ ሙላቱ ወደ ጠረፉ የሣር መሬት በሚያልፍበት ቦይ ውስጥ መድፋት ተሞከረ። ከዚያ በኋላ ያለውን ጉዞ የሚያከናውነው ሙላቱ ነው።